በር ከፋቿ አሻንጉሊት

ባለፈው ታኅሣሥ፣ የፈረንጆቹ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፍሪሞንት ያለው ቤቴ በር ተንኳኳ። የከፈተችው የልጄ ልጅ ሶልያና ናት። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ በዚህ ቤት በር መክፈት የእሷ ሥልጣን ስለሆነ ማንም አይቀማትም። ደጃፉ ላይ የቆመችው አዲሷ ጎረቤታችን ነበረች። ልጇ ከአፍጋኒስታን አስመጥቷት በቅርቡ ከጎናችን የገባች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማይርቅ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር ሴት ናት። በስህተት እሷ ቤት የተጣለ ካርቶናችንን ታቅፋ ዝናቡ ላይ ቆማለች።

«ግቢ እንጂ፣ ሻይ አለ» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ።

ካርቶኑን ለልጅቷ ሰጥታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። «ኖ፣ ኖ፣ ታንክዩ» አለች።

«ኦኬ! ባይ!» አለች ሶልያና፤ በሩንም ዘጋችው።

«አንቺ ልጅ! በሰው ፊት በር ይዘጋል እንዴ?»

«አያቴ፣ ሺ ሴድ ኖ!»

እውነቷን ነው፤ ብላለች። እዚህ አገር ተወልዳ ላደገች ልጅ «ኖ» ማለት «ኖ» ነው፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን የሴትዮዋን እጅ አይቼዋለሁ። ደረት ላይ የሚያርፍ እጅ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ዐይን ደግሞ ወደ ውስጥ። እንዲህ ያለውን «የለም» አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ አንድ ጊዜ፣ ከምንም ነገር አብልጬ የፈለግሁትን ነገር ሊያሳጣኝ ነበር።

ያኔ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። እኔ በስኮላርሺፕ የመጣሁ የኮሌጅ ተማሪ ሆኜ ሳን ሆዜ ነበር የምኖረው። የዛሬዋን ሳን ሆዜ የሚያውቅ ሰው የያኔዋን ቢያይ አይለያትም። የከተማዋ ዳርቻ የፕሪምና የአፕሪኮት እርሻ ነበር፤ በበጋ አየሩ ሁሉ ከማሸጊያ ፋብሪካዎቹ በሚወጣ የኮክና የቲማቲም እንፋሎት ይታፈናል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ርጥብ አፈር ይሸታል። መሐሏ ላይ ግን የድሮዋ ከተማ አለች። ካሊፎርኒያ የአሜሪካ ሳትሆን በፊት ስፔኖች የቆረቆሯት ስለሆነች፣ ግድግዳቸው በወፍራም የጭቃ ጡብ የተሠራ፣ ጣራቸው ቀይ ሸክላ የለበሰ ጥቂት ቤቶች እዚያ ቀርተውላት ነበር። ከነዚያ በአንደኛው ውስጥ ሉፔ የምትባል ልብስ ሰፊ አንድ ክፍል አከራየችኝ። ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ ዶን ኤውሴቢዮ የፍራፍሬ ሣጥን ሲሠሩ ያረጁ አናጺ ናቸው፤ የቤተሰባቸው ሐረግ እስከ መጀመሪያዎቹ ስፔኖች ይደርሳል እያሉ ይኮራሉ። ሉፔ ደግሞ ከኋላቸው ሆና ዐይኗን ታዞራለች።

የዚያ ቤት ቁም ነገር ያለው ጋራዡ ውስጥ ነበር። መኪና ገብቶበት አያውቅም። እጅ ገብቶባቸው የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች በምስማር በምስማር ተንጠልጥለው ግድግዳውን ሞልተውታል። ጭንቅላታቸውን ዶን ኤውሴቢዮ ከደረቀ የፕሪም ግንድ ይጠርቡታል፤ ልብሱን ሉፔ ትሰፋለች። በየዓመቱ የገናቸው ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ ከነልጆቹ ግቢያቸው ይሰበሰብና የቤተሰቡ ትያትር ይታያል። ታሪኩን እኛም እናውቀዋለን፤ ዮሴፍና ማርያም ማደሪያ አጥተው ደጅ ለደጅ ሲንከራተቱ ነው። የመጀመሪያውን በር ያንኳኳሉ፤ ነጋዴው «የለም፣ ሞልቷል» ይላቸዋል። ሁለተኛውን ያንኳኳሉ፤ ወታደሩ ያባርራቸዋል። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት በሯን በሰፊው ከፍታ «ኤንትሬን!» ትላለች፤ ግቡ ማለት ነው። ያኔ መብራቱ ሁሉ ይበራል፤ ይዘፈናል፤ ይበላል።

ያቺን በር ከፋች ለብዙ ዓመት በእጇ ስታናግራት የኖረችው የዶን ኤውሴቢዮ ሚስት ነበረች። እኔ ቤቱ ስገባ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። አሻንጉሊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተንጠልጥላ ነበር። አንድ ቀን አውርጄ አቧራዋን አራገፍኩላት፤ የተተረተረ እጅጌዋን ሰፋሁላት፤ ሲያልቅ ፊቷን ወደ ሰው አዙሬ ሰቀልኳት። ዶን ኤውሴቢዮ ገብተው አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔም ወንበር ጋራዡ ውስጥ ተቀመጠልኝ።

በልግ ላይ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ከሰዓት የማርያምን የእንጨት አህያ ጆሮ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሱ ሳለ ቀና ብለው «ዬሺ» አሉኝ፤ የሺእመቤት ማለት ስለማይሆንላቸው ነው። «ዘንድሮ በር ከፋቿን አንቺ ትይዣታለሽ?»

ልቤ ዘለለች። እኔን! ታዲያ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ኧረ የለም! እኔ እንዴት ብዬ! አልችልም፤ ሌላ ሰው ይያዛት» አልኩ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፤ ግማሽ እርምጃም ወደ ኋላ አልኩ።

እንዴት እንዳደግሁ እንደ እኔ ያደገ ያውቀዋል። ሰው ቤት ሄዶ «ብሉ» ሲባል እጁን የሚዘረጋ ልጅ ወደ ቤት ሲመለስ ጭኑን ይቆነጠጣል። በመጀመሪያው «በልቻለሁ» ይባላል፤ ሆድ ቢጮህም በልቻለሁ ነው። በሁለተኛው ድምፅ ቀነስ ይደረጋል። በሦስተኛው፣ ባለቤቷ «በሞቴ» ስትል፣ «እንግዲህ ካላችሁ» ተብሎ ይቀረባል። እናቴ ይህን ያስተማረችኝ ከፊደል በፊት ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅሁ።

«ገባኝ፣ አይዞሽ» አሉ ዶን ኤውሴቢዮ፣ ወደ አህያዋ ጆሮም ተመለሱ።

ጠበቅሁ። የብርጭቆ ወረቀቱ ሸር ሸር ይላል። ቀለም አቀበልኳቸው፤ አመሰገኑኝ። ወለሉን ጠረግሁ፤ አመሰገኑኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን አልመጣም። ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚባለውን በቋንቋችን ስንሰማ እንስቃለን፤ በራስ ሲደርስ ግን አያስቅም።

በሳምንቱ በር ከፋቿ ለሬይ ተሰጠች። ሬይ የሉፔ እጮኛ ነው፤ ጎሚስታ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ማስቲካ ካፉ አይጠፋም። ልምምድ ላይ ሴትዮዋን ከፍ አድርጎ ይይዝና ማስቲካውን እያላመጠ «ኤንትሬን» ይላል፤ ጎማ ሊነፋ መኪና እንደሚያስገባ ሰው።

ለምን እንደዚያ እንደፈለግሁት ልናገር። አሜሪካ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሦስቱንም ዓመት እንግዳ ነበርኩ። በየቤቱ እጋበዛለሁ፤ በየቤቱ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ አመሰግናለሁ፤ እወጣለሁ። ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ አስተማሪው «ድምፅ ጨምሪ» ይለኛል፤ ስጨምር ደግሞ የምለው ይጠፋኛል። የማንኛውም በር ባለቤት አልነበርኩም። አንዴ፣ በጨርቅና በእንጨትም ቢሆን፣ ከውስጥ ሆኜ «ግቡ» የምል ሰው መሆን አማረኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሥራዬን ጀመርኩ፤ ያወቅሁት መንገድ ግን የእናቴን ነበር። ለሉፔ «የዚያች ሴትዮ ቀሚስ እንዴት ያምራል» አልኳት። «አይደል?» አለች። «እጇ ትንሽ ስለሆነ ለሬይ ሳይጠበው አይቀርም» አልኩ። «ይለምደዋል» አለች። እራት ላይ «በር መክፈት ቀላል አይደለም፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ» ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ። ሁሉም ተስማሙ፤ ባቄላውን አቀበሉኝ። አገሬ ቢሆን አንዷ አክስት ነገሩ ገብቷት እኔ ሳልጠይቅ ትጠይቅልኝ ነበር። እዚህ ግን የወረወርኩት ነገር ሁሉ መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል።

ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ ጥሩወርቅ ጋ ኦክላንድ ሄድኩ። ጥሩወርቅ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ አፏ እንደ ምላጭ ነው። ቴሜስካል የሚባለው ሰፈር ከአንድ የጣሊያን ዳቦ ቤት በላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻት። ዛሬ ያ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤት የተደረደረበት ነው፤ ያኔ ለምልክት እንኳ አንድ አልነበረበትም። የነቢያት ጾም ስለገባ ማካሮኒ በቲማቲም ስጎ ሠርታ ጠበቀችኝ። ከታች የሚወጣው የዳቦ ሽታ በራሱ ያጠግብ ነበር፤ እኔ ግን ጠዋት ምንም አልቀመስኩም። እየበላሁ ችግሬን ነገርኳት። ሳህኔ ባዶ ሲሆን ድስቱን አነሳች።

«ልጨምርልሽ?»

«ኧረ በቃኝ» አልኩ።

ጥሩወርቅ ድስቱን ገልብጣ የቀረውን ማካሮኒ እስከ መጨረሻው በራሷ ሳህን ላይ ጠረገችው። ከዚያ እያየችኝ መብላት ጀመረች። ዐይኔን ማመን አቃተኝ።

«ምነው? ኖ አልሽ አይደል እንዴ? ሪስፔክት አደረግኩሽ» አለች አፏ ሞልቶ።

«ጥሩወርቅ! አንቺ እንኳ!»

«እንግዲህ ሽማግሌውም እንዲህ ነው ያደረጉት። ክፉ ሆነው መሰለሽ? አክብረውሽ ነው። እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠየቀው፤ ሁለቴ ከጠየቁሽ ፑሽ አደረጉኝ ትያለሽ ብለው ይፈራሉ። ቀጥ ብለሽ ሂጂና አስክ አድርጊያቸው። እፈልጋለሁ በይ።»

«እፈልጋለሁ ተብሎ ይነገራል? ያሳፍራል።»

«እንግዲያው እፈሪና ሬይ ማስቲካውን ሲያላምጥ ቁጭ ብለሽ እይ።» ከዚያ አሳዘንኳት መሰለኝ ከሳህኗ ግማሹን አካፈለችኝ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ሳልተነፍስ በላሁ።

በመልሱ ጉዞ በሄይዋርድ በኩል ዝናብ ነበር። የአውቶቡሱን መስኮት ጉም ሸፍኖታል። «እፈልጋለሁ» የምትለውን ቃል በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ ደጋገምኳት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። ፍሪሞንት ላይ ስደርስ ግን እፍረቴ ወደ እልህ ተለውጦ ነበር። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ከጠየቅሁ አይቀር እስከ መጨረሻው ልጠይቅ አልኩ።

ዶን ኤውሴቢዮን ጋራዡ ውስጥ አገኘኋቸው። ዮሴፍን እጃቸው ላይ አጥልቀው ጣታቸውን ለማፍታታት ይለማመዳሉ፤ ቁርጥማት ነበረባቸው። ቆሜ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ በር ከፋቿን መያዝ እፈልጋለሁ።»

«የለም አልሽኝ እኮ።»

«አዎ፣ ብያለሁ። አገራችን በመጀመሪያ የለም ይባላል። ሁለተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።»

ገረማቸው። «እኔ ምን አውቄ?»

«ሊያውቁማ ይገባዎታል!» አልኩ፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። «እርስዎ በያዙት ተረት ዮሴፍ ስንት በር ነው የሚያንኳኳው? በመጀመሪያው የለም ሲባል ተመልሶ ቢሄድ ኖሮ ትያትር ይኖር ነበር? እርስዎ እኔን አንዴ ብቻ አንኳኩተው ሄዱ።»

ሽማግሌው እጃቸው ላይ ያለውን ዮሴፍን ተመለከቱት፤ ዮሴፍም እሳቸውን ያየ መሰለኝ። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ። ግን ለሬይ ቃሌን ሰጥቼዋለሁ። ከሰጠሁት እጅ ላይ አልነጥቅም። አሁን በሩ የእሱ ነው፤ እሱን አንኳኪ።»

ሬይ ሥራ ላይ ነበር፤ ከአንድ መኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ ነገርኩት።

«አይሆንም የኔ ቆንጆ» አለ ከሥር። «ለሉፔ አባት እሺ ብያቸዋለሁ። ሰውዬው ልጃቸውን ሊሰጡኝ ነው፤ አሻንጉሊት እንኳ መያዝ አቃተው እንዲሉኝ ትፈልጊያለሽ?»

በማግስቱ ከትምህርት ስወጣ ተመልሼ ሄድኩ። «ትናንት አይሆንም አላልኩሽም?» አለ። «ብለኸኛል፤ አገራችን የመጀመሪያው አይቆጠርም» አልኩት። አልተሳካም። በሦስተኛው ቀን ስመጣ ሲያየኝ ጎማውን ለቀቀውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እሺ እኔስ ምን ልሁን? ሽማግሌው ባዶ እጄን ሊያዩኝ አይገባም።»

ይህን መንገድ ላይ አስቤበት ነበር። «አህያዋን» አልኩት። «እስከ ዛሬ ድምፅ የላትም፤ ዝም ብላ ነው የምትጎተተው። አንተ ድምፅ ስጣት።»

ሬይ ማስቲካውን ተፋው። ከዚያም ጎሚስታው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እስኪያይ ድረስ አናፋ። ተጨባበጥን።

የትያትሩ ዕለት ሲያካፋ ስለዋለ ግቢው ላይ ሸራ ተወጠረ። የበቆሎ ልጣጭ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚበስለው የበቆሎ ሊጥ፣ ቀረፋ የገባበት ትኩስ ቸኮላታ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የረጠበ ካፖርት፤ ይህ ሁሉ ሽታ ባንድ ላይ ነበር። ልጆቹ ከፊት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለዋል። ጥሩወርቅም ከኦክላንድ መጥታ ከኋላ ቆማለች። እኛ ከመጋረጃው ሥር ተንበርክከን እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተናል። የሞተችው ሴትዮ እጅ የለመደው ጨርቅ ውስጥ እጄ ገብቷል፤ ውስጡ ከእጅ ብዛት ለስልሷል።

ነጋዴው «የለም» አለ። ልጆቹ አጉረመረሙ። ወታደሩ አባረረ። የሬይ አህያ ስታናፋ ሳቁ ሸራውን አርገበገበው። ከዚያ ዮሴፍ የእኔን በር አንኳኳ። በሩን ከፈትኩና ያጠናኋትን አንዲት ቃል አልኩ።

«ኤንትሬን!»

መግባት ነበረባቸው። አልገቡም። ዮሴፍ ትንሿን የእንጨት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ ግማሽ እርምጃም ወደ ኋላ አለ። «የለም፣ የለም፣ እናስቸግርሻለን» አለ።

እንዲህ የሚል ነገር ትያትሩ ውስጥ የለም። ዞሬ አየሁ። ዶን ኤውሴቢዮ አጠገቤ ተንበርክከው ክንዳቸውን እንደዘረጉ፣ ፊታቸው ላይ አንዳች ፈገግታ ሳይታይ፣ በአንድ ዐይናቸው ያዩኛል።

«ኤንትሬን!» አልኩ ደግሜ፣ ከፍ አድርጌ።

«እግዚአብሔር ይስጥልሽ፤ ሌላ ቤት እንሞክራለን» አለ ዮሴፍ። መሄድም ጀመረ።

ልጆቹ ተነሡ። «ግቡ!» ይላሉ በስፓኒሽ፣ በእንግሊዝኛም። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ማርያም ልትወልድ ነው፤ ይዘንባል፤ ይህ ዮሴፍ የሚባል ሰውዬ ይግደረደራል! ማን መሆኔን ረሳሁ። እንግሊዝኛውም ስፓኒሹም ጠፋኝ። በር ከፋቿ ከደጃፏ ዘላ ወጥታ የዮሴፍን ካባ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ አስተማሪዎቼ አንድም ቀን ሰምተውት በማያውቁት ድምፅ፣

«በሞቴ! በሞቴ ግቡ!» አለች።

ከኋላ ጥሩወርቅ እልል አለች። ዮሴፍ ቆመ፤ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እንግዲህ ካልሽ» አለ፤ ገባም። አህያዋ ግን «እኔንም ለምኑኝ» ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቀረች፤ በጆሮዋ ጎትተን አስገባናት።

መብራቱ ሲበራ ክንዴን ማውረድ አልቻልኩም ነበር። አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ዶን ኤውሴቢዮ ዮሴፍን ከእጃቸው አውልቀው ጣቶቻቸውን እያሹ ወደ እኔ ዞሩ። «ለከርሞስ ትይዣታ…»

«አዎ!» አልኩ፤ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ወይ ጉድ» አሉ። «እኔ ደግሞ ሦስቴ ልጠይቅሽ ተዘጋጅቼ ነበር።»

ትምህርቴን እስክጨርስ በየዓመቱ ያዝኳት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ የፈለግሁትን ነገር እፈልጋለሁ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ ሥራም፣ ቤትም። ባለቤቴን ነፍሱን ይማረውና፣ እሱንም እኔው ነኝ የጠየቅሁት። እንዲህ ማድረግን የተማርኩት ከዚህ አገር ነው፤ አላፍርበትም። ግን እኚያ ሽማግሌ ደግሞ መጋረጃ ሥር ተንበርክከው የእኔን አገር «የለም» ተምረውልኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያውን ትምህርት ለልጆቼ አስተማርኩ፤ ሁለተኛውን፣ ደግሞ መለመንን፣ ግን ሳላስተምር ቀረሁ መሰለኝ። ይኸው የልጄ ልጅ በሩን ዘጋችው።

ጉልበቴን ደግፌ ተነሣሁ። «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት ሶልያናን።

«ዌር አር ዊ ጎይንግ?»

«ሴትዮዋን ልንጠራት።»

«በት ሺ ሴድ…»

«ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው አይቆጠርም።»

ዝናቡ ላይ ወጣን። የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ፤ ከፈተች። «ሻይ ፈልቷል፤ ነይ» አልኳት። እጇ ወደ ደረቷ ሄደች። «ኖ፣ ኖ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከቅድሙ ቀነስ ብሏል። ሦስተኛውን ልል አፌን ስከፍት፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልስልኝ ያቺ ልጅ ከጎኔ ብቅ ብላ የሴትዮዋን እጅጌ ያዘች።

«በሞቴ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቃሉን አታውቀውም። እኔን አየች፤ ልጅቷን አየች፤ ሳቀችና የቤቷን ቁልፍ አነሣች። ሶልያና ቀድማ ሮጣ በራችንን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።